ልጃቸው አጠገባቸው ስለነበረች "አላጨስም" አሉ

አዳማ ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ነው የምሰራው፣ ነርስ ነኝ። ኢምፕላንት (በወለቀ ጥርስ ቦታ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ምትክ) ለማስተከል የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀን ስንት ብር ነው እና መቼ ያልቃል ነው። እኔ ግን ስለ እናንተ ጥያቄ ሳይሆን ሐኪሙ እናንተን ስለሚጠይቃችሁ ነገር ነው መጻፍ የፈለግኩት፣ አንድ መልስ ተደብቆ ስንት የተለፋበት ነገር ሲበላሽ አይቻለሁና። መልሱን የደበቁት ሰውየው ራሳቸው ጻፊው ብለው ፈቅደውልኛል።

ጅቡቲ መስመር የሚሰሩ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፣ ሃምሳዎቹ ውስጥ። በግራ በኩል የታች መንጋጋ ጥርሳቸውን ካስነቀሉ ቆይተዋል። ያመጣቻቸው ሴት ልጃቸው ናት፣ የምትከፍለውም እሷ። ብሪጅ (ጎን ለጎን ባሉ ጥርሶች ላይ ተደግፎ የሚታሰር ሰው ሠራሽ ጥርስ) ከሆነ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች መሞረድ አለባቸው ሲባል "አባዬ ጤነኛ ጥርስህ አይነካም" ብላ ኢምፕላንቱን የመረጠችውም እሷ ናት። ራጅ ተነሱ፣ አጥንቱ ደህና ነው። ዶክተሩ ስኳር አለ? አላቸው፣ የለም። የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ይወስዳሉ? አልወስድም። ሲጋራስ? ወደ ልጃቸው ዞር አሉና "ኧረ በስመአብ!" አሉ።

ጥርሳቸው ቡናማ ነው። እኛ ጋ ግን ይሄ ምንም አያስጠረጥርም፣ ያደጉት ወንጂ ነው። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይለፍ ይላል፣ እዚህ አካባቢ ከዛ በጣም ያለፉ ጉድጓዶች ነበሩ፣ እሱን በልጅነቱ እየጠጣ ያደገ ሰው ቋሚ ጥርሱ ከበቀለ በኋላ እየቆየ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ አመኗቸው፣ ተተከለላቸው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማይረዳውን ልናገር። የሚተከለው ጥርሱ አይደለም፣ ሥሩን የሚተካ የታይታኒየም ቡሎን ነው፣ ጥርሱ በኋላ ነው ከላይ የሚታሰረው። መሃል ላይ ያሉት ወራት (ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6) ዝም ብሎ ቀጠሮ ማራዘም የሚመስላቸው አሉ፣ ዋናው ሥራ ግን ያኔ ነው የሚሰራው፣ አጥንቱ ታይታኒየሙ ላይ እያደገ ይይዘዋል። ይሄን ስዊድናዊው ተመራማሪ ብሮኔማርክ በ1950ዎቹ (በፈረንጅ) ጥንቸል አጥንት ውስጥ የከተተውን የታይታኒየም መሣሪያ ላውጣ ቢል እምቢ ብሎት ነው ያስተዋለው፣ ሰው ላይ የሰራው በ1965 ነው። በተተከለበት ቀን ቡሎኑ የሚጠብቀው በራሱ በቡሎኑ ጥምዝ አጥንቱን ነክሶ ስለያዘ ብቻ ነው፣ ከዛ ዙሪያውን ያለው አሮጌ አጥንት ይሟሟል፣ አዲሱ ደግሞ ገና አልደረሰም፣ በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ጥብቀቱ ይላላል ማለት ነው። ታማሚው ግን ያኔ ምንም አያመውም፣ ዳንኩ ብሎ ያስባል። ሲጋራ ደም ስር ያጠብባል፣ ደም ካነሰ አጥንቱ በምን ያድጋል?

ሁለተኛ ወራቸው ላይ መጡ። ዶክተሩ ቡሎኑ አናት ላይ ታስራ ከድዱ ብቅ ያለችውን ክዳን ሊያጠብቅ ሲነካት ቡሎኑ አብሮ ዞረ። ሕመም የለ፣ እብጠት የለ፣ ዝም ብሎ ዞረ። ዶክተሩ ምንም ሳይል መስታወቱን አነሳና የታች የፊት ጥርሶቻቸውን ከምላስ በኩል አየ፣ እኔንም አሳየኝ። ከድዱ ሥር ጥቁር ነው፣ እንደ ጥላሸት የተለጠፈ። የውሃው ቡናማ ጥርሱ ውስጥ ነው ያለው፣ ተፍቆ አይለቅም፣ ይሄኛው የሲጋራ ግን ላዩ ላይ ነው፣ በስኬለር (በጥርስ መፋቂያው መሣሪያ) ነካ ሲያደርገው ተነሳ።

ልጅቷን ደረሰኝ እናስተካክል ብዬ ወደ ሪሴፕሽን ይዣት ወጣሁ። ስመለስ ራሳቸው ጀመሩልኝ፣ "ሲስተር፣ ሌሊት ሙሉ መሪ ላይ ሆኜ ያለ ጫትና ሲጋራ አይሆንልኝም፣ እሷ ደግሞ እናቷ ስትሞት ተወኩት ብዬ ምዬላታለሁ።" ጫቱንም የሚይዙት በግራ ጉንጫቸው ነው፣ ክዳኗ ባለችበት በኩል። ልቤን ነው የነካኝ እውነት ለመናገር፣ ሰውየው እኛን አልዋሹም፣ ልጃቸውን ነው ማጣት የፈሩት።

ቡሎኑ ወጣ። ከዛን ጊዜ ጀምሮ ክሊኒካችን ውስጥ የሲጋራና የጫት ጥያቄ አጃቢ ባለበት አይጠየቅም፣ ባልም ይሁን ሚስት ይሁን ልጅ ውጭ ይጠብቃል። አጠያየቁም ተቀይሯል፣ "ያጨሳሉ ወይ?" ሳይሆን "በቀን ስንት ያጨሳሉ?" ነው የምለው፣ የማያጨሰው አላጨስም ይለኛል፣ የሚያጨሰው ደግሞ ቁጥሩን ይነግረኛል። አጫሽን አንተክልም አይደለም፣ የመክሸፍ ዕድሉ ከማያጨሰው እጥፍ ገደማ መሆኑን አውቆ ይወስን፣ ቢያንስ ከመተከሉ በፊትና አጥንቱ እስኪይዝ ያቁም ነው።

ለልጃቸው ራሳቸው ነገሯት። አኩርፋ ሰነበተች፣ በኋላ ግን እንደገና ይዛቸው መጣች። አጥንቱ ሞልቶ ሁለተኛው ተተከለ፣ ያዘ፣ ጥርሱም ታሰረ። ኢምፕላንት አይቦረቦርም፣ ዙሪያው ያለው ድድ ግን ይቆጣል፣ አጥንቱንም ሳያሳምም ይበላዋል፣ ስለዚህ በየስድስት ወሩ እንዲታዩ ተነግሯቸዋል፣ ከጅቡቲ ሲመለሱ መኪናቸውን አቁመው ይመጣሉ።