የሸራ ጀልባን የነዳጅ ታንክ እንዴት እንደጠገንኩና ጌጁን እንደቀየርኩ

የነዳጁን መጠን የሚያሳየው የጌጁ መርፌ ከ«ሙሉ» አልንቀሳቀስ ብሎ፣ ከሞተሩ ሥር ደግሞ ናፍጣ የተቀላቀለበት ውኃ ሲጠራቀም ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ መሥራት ይበጃል። የሚያፈሰው ታንክ መውጣቱ አይቀርም፤ ታንኩ ውስጥ ሆኖ የነዳጁን ከፍታ ለጌጁ የሚያስተላልፈው ሴንሰርም በደንብ የሚመረመረው ታንኩ ሲወጣ ነው።

ምንም ሳልገዛ በፊት ጌጁን ፈተሽኩ። ከጀርባው ሦስት መገናኛ አለው፦ «አይ» ከማብሪያው የሚመጣ ፖዘቲቭ፣ «ጂ» ኔጋቲቭ፣ «ኤስ» ደግሞ የሴንሰሩ ሽቦ። በአሜሪካ ስታንዳርድ የተሠራ ጤነኛ ጌጅ የ«ኤስ» ሽቦ ሲነቀል «ባዶ» ያሳያል፤ «ኤስ» እና «ጂ» ለአፍታ ሲገናኙ «ሙሉ» ያሳያል። በአውሮፓው ተቃራኒ ነው። የእኔው 12 ቮልት እየደረሰውም በሁለቱም አልተነቃነቀም፤ ስለዚህ የሞተው ራሱ ጌጁ ነበር። ሴንሰሩም በክንድ ላይ የሚወጣና የሚወርድ ዓይነት ሆኖ ተንሳፋፊው ናፍጣ ገብቶበት ስለሰመጠ ሁለቱንም ቀየርኩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። የአሜሪካው ሴንሰር ባዶ ሲሆን 240 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ)፣ ሙሉ ሲሆን 33 ኦም ገደማ ይሰጣል፤ የአውሮፓው ባዶ ሲሆን 10፣ ሙሉ ሲሆን 180። ከአንዱ ጌጅ፣ ከሌላው ሴንሰር ከተገዛ መርፌው ወደ ተቃራኒው ይሄዳል። ቀጥ ባለ ቱቦ ላይ ተንሳፋፊው የሚንሸራተትበትን ዓይነት መረጥኩ፤ ታንኩ ውስጥ ካሉት ማዕበል ሰባሪ ግድግዳዎች ጋር የሚጋጭ ክንድ የለውም። ርዝመቱን የወሰንኩት ከታንኩ አፍ እስከ ወለሉ ለክቼ 20 ሚሊሜትር በመቀነስ ነው። ወለሉን ከነካ በጉዞ ንቅናቄ አሉሚኒየሙን ይፈገፍገዋል። ሳልገጥመው በፊት ተንሳፋፊውን በእጄ ከታች ወደ ላይ እያንሸራተትኩ በመልቲሜትር አነበብኩ።

ታንኩ አሉሚኒየም ነው። ናፍጣውን በንጹሕ ጀሪካን ቀድቼ፣ ቱቦዎቹ ላይ ምልክት አድርጌ አወጣሁት። ቀዳዳው የተገኘው ታንኩ በተቀመጠበት እርጥበት የሚይዝ ምንጣፍ ሥር ነው። አሉሚኒየም የሚጠበቀው አየር ሲያገኝ ላዩ ላይ በሚፈጠረው ስስ ሽፋን ነው። አየር የማያገኝ እርጥበት፣ በተለይ ጨዋማው፣ ያንን ሽፋን አፍርሶ ብረቱን ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይበላዋል። አንድ ቀዳዳ ከታየ ዙሪያው ሊበሱ የደረሱ ሌሎች ጉድጓዶች አሉ ማለት ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ብቻ በኤፖክሲ መድፈን ወደብ እስኪደረስ ያህል እንጂ ጥገና አይባልም። የተበላውን ክፍል በሙሉ አስቆርጬ ከታንኩ ጋር አንድ ዓይነት በሆነ አሉሚኒየም በአርገን (በማይቀጣጠል ጋዝ) አስበየድኩት።

ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ አይቀጣጠልም የሚለው ነገር ብየዳ ላይ ማንንም እንዳያዘናጋ። በመጋጠሚያዎች ውስጥ የቀረው ቅሪት በሙቀቱ ይተንና ታንኩን ሊያፈነዳ ይችላል። በሙቅ ውኃና በቅባት ማጽጃ ደጋግሜ ባጥበውም በያጁ ውስጡን በአርገን ጋዝ ሞልቶ ነው የጀመረው። ይህን ለማያውቅ በያጅ ታንክ አይሰጥም።

ለፍተሻ ኮምፕሬሰር አልተጠቀምኩም፤ ትንሽ ግፊት ሲያልፍ ታንኩ ይነፋል። ሌሎቹን አፎች ደፍኜ በአንዱ ላይ ብርሃን የሚያስተላልፍ ቱቦ ቀጥ አድርጌ አቆምኩና ታንኩን ከሞላሁ በኋላ ውኃው ቱቦው ውስጥ 2 ሜትር እስኪደርስ ጨመርኩ። ይህ 0.2 ባር ያህል ግፊት ነው። ብየዳውን በደረቅ ወረቀት እየዳበስኩ፣ የውኃው ከፍታ አለመውረዱን ተከታተልኩ። ከዚያ ታንኩን አጥልሎ ፈጽሞ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ከናፍጣ ሥር የቀረ ውኃ ፊልትሮ የሚደፍን ጥቁር ዝቃጭ የሚያመጡ ተሕዋስያን ይባዙበታል።

ታንኩን ስመልስ ውኃ በማይመጥ ጠንካራ የፕላስቲክ ጠፍር ላይ አስቀመጥኩት፤ ጠፍሮቹን በፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ ከታንኩ ጋር ስላያያዝኳቸው በመካከላቸው ውኃ አይገባም። የነሐስ መጋጠሚያ በቀጥታ ከአሉሚኒየም ጋር አይገናኝም፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የሴንሰሩ አምስት ቀዳዳዎች እርቀታቸው እኩል ስላልሆነ የሚገጥመው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ጋስኬቱ ናፍጣ የሚችል የናይትሪል ጎማ ይሁን፤ ተራ ሲሊኮን ናፍጣ ያለሰልሰዋል። ብሎኖቹ እስከ ታንኩ ውስጥ የሚዘልቁ ከሆነ ናፍጣ በጥርሳቸው በኩል ይወጣል፤ ከእያንዳንዱ ራስ ሥር ማሸጊያ ሮንዴላ አድርጌ ከአንዱ ወደ ፊት ለፊቱ እየተሻገርኩ ተራ በተራ አጠበቅኋቸው።

ከሁሉም የሚጠቅመው የመጨረሻው ሥራ ነው። ጀልባው ቀጥ ብሎ ቆሞ እያለ 10 ሊትር በ10 ሊትር እየጨመርኩ መርፌው የት እንደደረሰ መዘገብኩ። የጀልባ ታንክ ወደ ታች ይጠባል፤ ፈጽሞ የቪ ቅርጽ ያለው ታንክ ከፍታው ግማሽ ሲደርስ የያዘው ሩብ ብቻ ነው። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍም ከወለሉ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ ስለሚል፣ ሠንጠረዡ ላይ «ባዶ» ብዬ የጻፍኩት ሞተሩ አየር መሳብ የሚጀምርበትን ነጥብ ነው። ጀልባው በነፋስ ሲያዘነብል ይህ ቀድሞ ይመጣል፤ ጌጁንም የማነበው ጀልባው ቀና ሲል ነው።

በመጨረሻ ታንኩን እስከ አፉ ሞላሁት፤ የሴንሰሩ ጋስኬት ማፍሰስ አለማፍሰሱ የሚታወቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከነዳጅ መስመሩ አየር አስወጥቼ ሞተሩን አስነሣሁ፤ እየሠራ ሳለም እያንዳንዱን ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) በደረቅ ወረቀት ፈተሽኩ።