ከዜሮ በታች ያነበበው የጋቢና ወንበር

መኪናው ጋራዥ የገባው አጭር ቅሬታ ይዞ ነው። ባለቤቱ ሚስቱን ጋቢና ሲያስቀምጥ «የተሳፋሪ ኤርባግ ጠፍቷል» የሚለው ቢጫ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ይበራል፤ አንዳንድ ቀን ይጠፋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በርቶ ይቀራል። ሴትዮዋ 58 ኪሎ ናቸው። ወንበሩ ግን ከልጅ ቆጥሯቸዋል። መብራቱ የሚለውም ግልጽ ነው፤ ግጭት ቢደርስ ከፊታቸው ያለው ኤርባግ አይነፋም።

ተረኛው ኤሌክትሪሺያን ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰካ። የተመዘገበ የብልሽት ኮድ የለም። ቀጥታ ንባቡን ሲከፍት ባዶው ወንበር ከዜሮ በታች 6 ኪሎ ይላል። «ዜሮው ስቷል» አለና የዜሮ ነጥብ ካሊብሬሽን (ያለውን ንባብ እንደ ባዶ ወስዶ ዜሮ ማድረግ) አስኬደ። ንባቡ 0 ሆነ፣ ስካነሩ «ተሳክቷል» የሚል ጻፈ፣ መኪናው ተረክቦ ወጣ። ብዙ ሳይቆይ በዚያው ቅሬታ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ወንበር ሰው ለምን እንደሚመዝን ማወቅ ያስፈልጋል። የፊት ኤርባግ ከተለኮሰ በኋላ ተነፍቶ እስኪሞላ ከ20 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ቢፈጅበት ነው። ቀበቶ አስሮ ጀርባውን አስደግፎ የተቀመጠን አዋቂ ያድናል። ለዳሽቦርዱ ተጠግቶ ያለን ሕፃን ግን ይገድላል። በተለይ ፊቱ ወደ ኋላ የሚዞር የሕፃን ወንበር ጋቢና ላይ ከታሰረ፣ የሕፃኑ ጭንቅላት የሚያርፍበት ጀርባ የሚውለው ከኤርባጉ ክዳን ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2008 ባለው ጊዜ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት በደረሱ ግጭቶች ኤርባጉ ራሱ ለሞት ያበቃቸው ሰዎች ከ290 በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ የሞቱት ከ1998 በፊት በተሠሩ መኪኖች ውስጥ ነው። የአገሪቱ የመኪና ደህንነት መስፈርት ቁጥር 208 እ.ኤ.አ. በ2000 ተሻሽሎ ከ2003 እስከ 2006 ደረጃ በደረጃ ሥራ ላይ የዋለው ይህን ለማስቆም ነበር። መኪናው የ1፣ የ3 እና የ6 ዓመት ልጅን በሚወክሉ አሻንጉሊቶች፣ እንዲሁም 49 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ትንሽ ሴትን በምትወክል አሻንጉሊት ይፈተናል። ወንበሩ ክብደት የሚለይባቸው መኪኖች ላይ ለልጆቹ ኤርባጉ መጥፋት፣ ለሴቲቱ ደግሞ ሥራ ላይ መሆን አለበት። የ6 ዓመቱ አሻንጉሊት 23 ኪሎ ገደማ ነው። እንግዲህ አምራቹ መስመሩን የሚያሰምረው በ23 እና በ49 መካከል ነው፤ በዚህ ክፍተት ውስጥ የ6 ኪሎ ስህተት ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ መኪና ላይ ያለው ሥርዓት ባለ አራት የክብደት ሴንሰር ነው። በወንበሩ ፍሬምና በሀዲዱ መካከል፣ በአራቱም ማዕዘን አንድ አንድ ተገጥሟል። ጭነት ሲያርፍበት የሴንሰሩ ብረት በዓይን የማይታይ ያህል ይጎብጣል፤ ላዩ ላይ የተለጠፈው ስስ ሽቦ አብሮ ሲለጠጥ ሬዚስታንሱ ይለወጣል፤ ሞጁሉ፣ ማለትም የወንበሩ ትንሽ ኮምፒውተር፣ ለውጡን ወደ ኪሎ ይመልሰዋል። ወንበሩ «የሚያየው» ክብደት የአራቱ ድምር ነው። የተቀመጠ ሰው እግሩ ወለል ላይ ስለሚያርፍ ሙሉ ክብደቱ ወንበሩ ላይ አይወድቅም። ስለዚህ 58 ኪሎ የሆነ ሰው 45 አካባቢ ቢነበብ የሚያስደነግጥ አይደለም። ሴትዮዋ ሲቀመጡ የተነበበው ግን 28 ነበር።

መኪናው ሁለተኛ ሲመጣ የክፍሉ ኃላፊ ራሱ ያዘው። መጀመሪያ ያየው ስካነሩን ሳይሆን የቀድሞውን የሥራ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ድምሩ ብቻ ነው፤ የአራቱ ሴንሰር ንባብ ለየብቻ አልተጻፈም።

«ስድስቱ ከየትኛው ማዕዘን ነው የጎደለው?» ሲል ጠየቀ።

«አላየሁም ጋሼ፤ ድምሩን ብቻ ነው ያየሁት።»

«ወንበሩ ላይ ምንም ሳይኖር ከዜሮ በታች ካለ አንድ ነገር ከሥር እየደገፈው ነው። አየር ደግሞ አይደግፍም።»

ባዶ ወንበር ከዜሮ በላይ ቢያነብ ሊጠረጠር የሚችለው ብዙ ነው፤ የተረሳ ቦርሳ፣ ከባድ የተደረበ ሽፋን፣ በትክክል ያልጠበቀ ብሎን። ወደ ታች ሲሆን ግን ጥርጣሬው ይጠባል። ወይ ከወንበሩ ላይ የተነሳ ክፍል አለ፣ ወይ ፍሬሙ ተጣሟል፣ ወይ ከሥር የሚገፋ ነገር አለ። ይህን ሳያጣሩ ዜሮ ማድረግ ለሞጁሉ «አሁን ያለው ሁኔታ ባዶ ማለት ነው» ብሎ መንገር ነው። ሞጁሉም ይቀበላል። ስካነሩ «ተሳክቷል» ሲል የጻፈው ትእዛዙ እንደተፈጸመ ነው፤ ወንበሩ ትክክል ስለመመዘኑ የሚያውቀው ነገር የለም።

ቀጥሎ በሚዛን የተረጋገጠ 30 ኪሎ ብረት መቀመጫው መሃል ላይ ተቀመጠ። ቶዮታ በበርካታ ሞዴሎቹ የጥገና መመሪያ ላይ የሚያዘው ይህንኑ ነው፤ ከዜሮ ካሊብሬሽን በኋላ 30 ኪሎ ሲጫን ንባቡ ከ27 እስከ 33 መሆን አለበት። በመጀመሪያው ጊዜ የተዘለለው እርምጃ ይህ ነው፤ በብዙ ጋራዥም የሚዘለለው እሱ ነው፣ የተመዘነ ብረት ፈልጎ ማምጣት ስለሚሰለች። ንባቡ እንዲህ ወጣ፦ የፊት ግራ 7፣ የፊት ቀኝ 6፣ የኋላ ግራ 5፣ የኋላ ቀኝ 1። ድምር 19።

ምርመራው ያለቀው እዚህ ቁጥር ላይ ነው ማለት ይቻላል። የሳተው ዜሮው ብቻ ቢሆን ኖሮ ንባቡ ከነበረበት ተነስቶ ልክ በ30 ከፍ ይል ነበር፤ ከ0 ወደ 30፣ ወይም ከ−6 ወደ 24። ከ0 ተነስቶ 19 ላይ ከቆመ ግን 11 ኪሎው ሴንሰሮቹን ሳይነካ በሌላ መንገድ ወለል ደርሷል። መንገዱንም የኋላ ቀኝ ሴንሰር እየጠቆመ ነው፤ 7 ተኩል ገደማ ሊወስድ ሲገባው 1 ብቻ ወስዷልና። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ ለመቀየር የሚያጓጓው እዚህ ላይ ነው። ሴንሰሩ ግን በታማኝነት እየሠራ ነበር፤ ጭነቱ አልደረሰውም እንጂ።

በእጅ ባትሪ ከሥር ሲታይ ምንጣፉ ላይ በብሎን የታሰረ የሙዚቃ አምፕሊፋየር ተገኘ። ባለቤቱ የወንበሩን ልብስ በቆዳ ሲያስቀይር አብሮ ያስገጠመው ነው። ሲያዩት ከወንበሩ ጋር የሚነካካ አይመስልም። ኃላፊው አንድ ወረቀት በአምፕሊፋየሩ ጥግና በፍሬሙ መካከል ሊያሳልፍ ሞከረ፤ አልገባም። ወንበሩን ሁለት ጥርስ ወደ ፊት ሲያንሸራትተው ያው ወረቀት ያለ ምንም ችግር አለፈ። መብራቱ አንዳንድ ቀን የሚጠፋው ለዚህ ነበር። ሴትዮዋ እግራቸውን ለመዘርጋት ወንበሩን ወደ ኋላ ሲገፉት ፍሬሙ አምፕሊፋየሩ ላይ ያርፋል፤ ወደ ፊት ሲሳብ ይለቀዋል።

በጣም የሚያሳስበው ግን ሌላኛው ጎን ነው። ወንበሩ ወደ ፊት እንደተሳበ ባዶው ንባብ ወደ 6 ኪሎ ወጣ። የመጀመሪያው ካሊብሬሽን የተሠራው ፍሬሙ አምፕሊፋየሩ ላይ ተደግፎ እያለ ስለሆነ፣ ድጋፉ ሲነሳ ወንበሩ የሌለ 6 ኪሎ ይጨምራል። ያንን ወደ ልጅ እናምጣው። 23 ኪሎ የሆነ ልጅ 4 ኪሎ የሚመዝን የልጅ ማስቀመጫ ላይ ቢቀመጥ 27 ነው፤ የሐሰቱ 6 ሲታከል 33። የልጅ ወንበር በቀበቶ ጠብቆ ሲታሰር ደግሞ ቀበቶው ራሱ ወንበሩን ወደ ታች ስለሚጫን ንባቡ ይበልጥ ይወጣል፤ አንዳንድ መኪኖች በቀበቶው ማሰሪያ ላይ የውጥረት ሴንሰር የሚጨመርላቸው የታሰረ የልጅ ወንበርን ከአዋቂ ለመለየት ነው። ስለዚህ ያ አንድ ካሊብሬሽን የአዋቂዋን ኤርባግ እንደጠፋ ትቶት፣ ወንበሩ ወደ ፊት ሲሳብ ደግሞ የልጅን ኤርባግ ወደ ማብራት አስጠግቶታል። ቅሬታው ያልተፈታ ብቻ ሳይሆን መኪናው ከገባበት ብሶበት ወጥቷል። የኤርባግ ሥራ ከሌላ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የሚለየው በዚህ ነው፤ ስህተቱ በሰላም ቀን አይታይም።

ማስተካከያው ከምርመራው አጭር ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን አይዘለልም። የማስነሻ ቁልፉ ጠፍቶ የባትሪው ነጌቲቭ ተፈታ። የኤርባጉ ሞጁል ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪወርድ ተጠበቀ፤ ቶዮታ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይላል፣ 3 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚጠይቁ አምራቾችም አሉ፣ ስለዚህ የመኪናው መመሪያ ይታያል። ከዚያ በኋላ ብቻ በወንበሩ ሥር ያሉት ቢጫ ኮኔክተሮች ተነቀሉ። በኤርባግ ማቀጣጠያ መስመር ላይ መልቲሜትር አስገብቶ ሬዚስታንስ መለካት ፈጽሞ አይደረግም፤ የመለኪያው ትንሽ ከረንት ራሱ ሊያቀጣጥለው ይችላል። አምፕሊፋየሩ ወጥቶ ወደ ዕቃ መጫኛ ተዛወረ። ሽቦው ከቢጫው የኤርባግ ሽቦ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ታስሮ ስለተገኘ ተለያየ፤ ወንበሩ በተንሸራተተ ቁጥር ኮኔክተሩን ይስበው ነበር።

የወንበሩ አራት ብሎኖች ሲመለሱ መጀመሪያ ሁሉም በእጅ ተያዙ፣ ከዚያ መመሪያው በሚያዘው ተራና ኃይል በቶርክ ቁልፍ ጠበቁ። አንዱን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ቀጣዩ መሄድ ሀዲዱን ይጠመዝዘዋል፤ ጥምዛዡ በቀጥታ ሴንሰሮቹ ላይ ሸክም ሆኖ ይነበባል፣ ካሊብሬሽንም ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። በአየር የሚሠራ መፍቻ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ካሊብሬሽኑ የተሠራው መኪናው ደልዳላ ወለል ላይ ቆሞ፣ በሮቹ ተዘግተው፣ ወንበሩ መመሪያው በሚለው ቦታ ላይ ሆኖ፣ ማንም ሳይደገፍበት ነው። ስካነሩም ጋቢናው ላይ አልተቀመጠም፤ ይህ ሲደረግ በተደጋጋሚ ይታያልና ማሳሰብ ተገቢ ነው። 30 ኪሎው ሲጫን ንባቡ 29 ሆነ፣ አራቱም ሴንሰሮች 7 እና 8 ላይ ተቀራርበው። ብረቱ ሲነሳ ወደ 0 ተመለሰ። ይህም በአንድ ቦታ ብቻ አልተተወም፤ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተገፍቶ እንደገና ተጫነ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ተቀምጠው ንባቡ 45 ሆነ፣ ቢጫው መብራትም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጠፋ።

ሁሉም መኪና እንዲህ አይመዝንም። ከስፖንጁ ሥር በፈሳሽ የተሞላ ከረጢትና የግፊት ሴንሰር ያላቸው አሉ። እነዚህ ላይ ስፖንጁ፣ ከረጢቱ፣ ሴንሰሩና ሞጁሉ አብረው ተለክተው እንደ አንድ ዕቃ ነው የሚቀርቡት፤ ከተለያየ ወንበር አሰባስቦ መግጠም አይቻልም፣ ልብስ ሲሰፋም ስፖንጁን መቁረጥ ወይም መደረብ ንባቡን ያዛባል። የግፊት ምንጣፍ ያላቸው የሚጎዱት ቆዳው ከመጠን በላይ ተወጥሮ ሲሰፋ ነው፤ ባዶው ወንበር ሰው የተቀመጠበት ይመስለዋል። በኤሌክትሪክ መስክ የሚለዩት ደግሞ ክብደት ሳይሆን የሰውን ገላ ነው የሚያዩት። እነሱን የሚያታልላቸው የራሰ መቀመጫ፣ ተደርቦ የተገጠመ ማሞቂያ፣ ወይም ቻርጅ እየተደረገ ጭን ላይ ያለ ላፕቶፕ ነው። ክብደት በሚለዩት ዓይነቶች ላይ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን ከወንበሩ ሥር ወይም ከጀርባው ከገፋ፣ ተሳፋሪውም ክንዱን በሩ ላይ ጥሎ ከተንጋደደ ንባቡ ይለወጣል። ሰው ሲቀመጥ መብራቱ አልጠፋም ብሎ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ፣ ወገቡን ከወንበሩ ጀርባ አገናኝቶ፣ እግሩን ወለል ላይ አድርጎ ይቀመጥ።

ለባለቤቱ የተነገረው ሁለት ነገር ነው። በወንበሩ ሥር ምንም እንዳይቀመጥ፣ ጠርሙስም ቢሆን፤ ልጆች ደግሞ መብራቱ ትክክል ቢሠራም ኋላ እንዲቀመጡ። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሁሉ ኋላ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ይመክራል። ሴንሰሩ የመጨረሻው መከላከያ ነው እንጂ ልጅን ጋቢና ለማስቀመጥ ፈቃድ አይደለም።

ጋራዡም የሥራ ወረቀቱን ለወጠ። አሁን ከዜሮ ካሊብሬሽን በፊት የሚሞሉ ቦታዎች አሉት፦ የአራቱ ሴንሰር ንባብ ለየብቻ፣ ወንበሩ በስንተኛው ጥርስ ላይ እንዳለ፣ በወንበሩ ላይ ወይም ሥር በቅርቡ የተሠራ ወይም የተጨመረ ነገር መኖሩ፣ ከካሊብሬሽን በኋላም በ30 ኪሎ የተገኘው ቁጥር። አንዱ ባዶ ከሆነ ተቀባዩ የመኪናውን ቁልፍ ለደንበኛው አይመልስም።