ጂቲ 730 ሲሏችሁ "የትኛው 730?" በሉ

ሙሽራዋ በአንድ ሌሊት ወፍራ አደረች። ሙሽራውም። ሚዜዎቹ፣ ድንኳኑ፣ የቡና ረከቦቱ ሳይቀር ወደ ጎን ተለጥጧል። ማታ ዊንዶውስ 11 ጭኜ ገባሁ፣ ጠዋት ሱቄን ከፍቼ የኒካሑን ቪዲዮ ሳጫውተው ያየሁት ይህን ነው። ከሁለቱ ሞኒተሮቼ አንዱ ጭራሽ ጥቁር ሆኗል።

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የፎቶና የቪዲዮ ኤዲቲንግ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው። 4ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ5፣ 16 ጊጋ ራም፣ አንድ ኤስኤስዲ፣ እና ከአራት ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ወርጄ የገዛሁት ጂፎርስ ጂቲ 730 የግራፊክስ ካርድ። ካርዱን ልብ በሉልኝ፣ የጣጣው ሁሉ ባለቤት እሱ ነው። ሻጩ "ይሄኛው 128 ቢት ነው፣ ሌሎቹ 64 ናቸው" ብሎ (የካርዱ ሜሞሪ መተላለፊያ ስፋት መሆኑ ነው) ዋጋ ጨመረብኝ። እኔም 128 ከ64 ይበልጣል፣ ይሄ እኮ ሂሳብ ነው ብዬ ካርዴን አቅፌ ደስ እያለኝ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ወጣሁ።

ለምን ነካካኸው ትሉኝ ይሆናል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቆመ። የሰው ፍላሽ ቀኑን ሙሉ የሚሰካበት ማሽን የደኅንነት ማስተካከያ ሳያገኝ ሲቀር ደስ አይልም። በእርግጥ የእኔ ኮምፒውተር በደንቡ ከሆነ ለ11 አይበቃም። 8ኛ ጀነሬሽን ኢንቴል እና ከዚያ በላይ፣ ደግሞም ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ግን ሩፈስ በምትባለው ፕሮግራም ፍላሹን ስታዘጋጁ ያንን ፍተሻ ማስቀረት ይቻላል፣ ስንቱ ቴክኒሻን የሚያደርገው ነው። ማይክሮሶፍት አልፈቀደውም፣ ይሠራል ግን።

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። በነበረው ዊንዶውስ ላይ አሻሽዬ ብጭን ኖሮ ካልተመቸኝ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ድሮው የመመለስ ዕድል ነበረኝ። "ንጹሕ አድርገህ ጫን፣ ቆሻሻ አትሸከም" ተባልኩና ዊንዶውሱ ያለበትን ሲ ድራይቭ ፎርማት አደረግሁት። ሥራዬ ሁሉ ዲ ድራይቭ ላይ ስለሆነ አልጠፋም፣ ግን መመለሻ መንገዱን በገዛ እጄ ዘጋሁት።

ከጎኔ ያለው ልጅ ኮምፒውተር ይጠግናል። ጠራሁት። ሳይቀመጥ ካርዱን ነቀለና ወርቃማውን ጥርስ በላጲስ ይፈትግ ጀመር። ደሴ ውስጥ ታሞ ላጲስ ያልቀመሰ ኮምፒውተር የለም። መልሶ ሰካው፣ ያው ነው። ኬብል ቀየርን፣ ያው። ሞኒተር አቀያየርን፣ ያው። በመሃል መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጮኸ ጮኸና ዝም አለ፣ እኛም ቡና ጠጣን። ግማሽ ቀን በዚህ አለፈ። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ምክንያቱም ወፍራምም ትሁን ሙሽራዋ ትታያለች። ምስል የሚያወጣ ካርድ አልሞተም ማለት ነው፣ ላጲስ ምን አመጣው?

መብራት ሲመጣ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚዘረዝረውን ዲቫይስ ማኔጀርን ከፈትኩ። ይህን ገና ጠዋት ማድረግ ነበረብኝ። የካርዴ ስም መኖር በሚገባው ቦታ ላይ "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" ይላል። ዊንዶውስ ለካርዱ የሚስማማ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ሲያጣ ከራሱ ኪስ የሚያወጣት ለክፉ ቀን የምትሆን ድራይቨር ናት። ምስል ታሳያለች፣ ሌላ ነገር ግን አትጠይቋት። አንድ ሞኒተር ብቻ ነው የምታውቀው። መጠኑንም እኔ ጋ 1024 በ768 ላይ ቸነከረችው። ያ አራት ማዕዘን 1920 በ1080 በሆነ ሰፊ ሞኒተር ላይ ሲዘረጋ ነው ሰው ሁሉ የወፈረው። ጥቁሩም ሞኒተር ጤነኛ ነው፣ የሚያናግረው አጥቶ ነው።

ታዲያ ዊንዶውስ ድራይቨሩን ራሱ ከኢንተርኔት አያመጣም ወይ? ያመጣል። ኢንተርኔቴ ግን የስልኬ ሆትስፖት ነው፣ ፓኬጄን እንዳይጨርስብኝ ብዬም ገና ስጭን "ሚተርድ" (ዳታ የሚቆጠብበት) አድርጌዋለሁ። እንደዚያ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ "ድራይቨር በዚህም አውርድ" ካላላችሁት በቀር አያወርድም። ይህን ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ስለዚህ የካርዱን ቺፕ ወደሚሠራው ወደ ኤንቪዲያ ገጽ ሄድኩ። ጂቲ 730፣ ዊንዶውስ 11 ብዬ መረጥኩ፣ አዲሱን ሰጠኝ፣ አወረድኩት። ከግማሽ ጊጋ በላይ ነው። ጫንኩት፣ ትንሽ አሰበና ተስማሚ የግራፊክስ ሃርድዌር አላገኘሁም አለኝ። እንዴ! ካርዱ እኮ ይኸው ውስጥ አለ፣ አሁን አይደል እንዴ በላጲስ ያጠብነው። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው ብዬ ሌላ ቁጥር ያለው አወረድኩ። ያው መልስ። ፓኬጄም አለቀ።

እዚህ ላይ የኒካሑ ባለቤት ደወሉ። ሐጂ ሰኞ ገበያ ነው የሚነግዱት።

"ልጄ፣ የልጅቷ ቪዲዮ ደረሰ?"

"ሐጂ፣ ኮምፒውተሩ ትንሽ አሞት..."

"አብሽር፣ ሲሻለው ትደውልልኛለህ። ግን ልጅቷ ሐሙስ ትሄዳለች።"

ዕለቱ ማክሰኞ ነው። እንዲህ በለሰለሰ አንደበት የሚመጣ ጭንቀት ከቁጣ ይብሳል።

ካርዱን ነቅዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ኢንቴል ኤችዲ 4600 የሚባል የራሱ ግራፊክስ አለ፣ አራት ዓመት ሙሉ ረስቼው ነበር። አንዱን ሞኒተር በኤችዲኤምአይ፣ ሌላውን በቪጂኤ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁ። አሁንም ያው ወፍራም ምስል ነው፣ ግን የጎረቤቴን ዋይፋይ ለምኜ ሳገናኘው ዊንዶውስ አፕዴት ራሱ የኢንቴሉን ድራይቨር ፈልጎ አመጣ። ስክሪኑ አንዴ ጨለመ፣ ተመለሰ። ሁለቱም ሞኒተሮች በሩ። ሙሽራዋም ከሳች።

ቪዲዮ የማቀናብርበትን ኤዲየስን ከፍቼ የቀረችውን ቆራርጬ ኤክስፖርት ልል ስል አንድ ነገር አየሁ። ኤች 264 የሚባለው የቪዲዮ ዓይነት ሲመረጥ ሃርድዌር ኢንኮድ (ቪዲዮውን በግራፊክስ ቺፑ የማጨመቅ ሥራ) ተጠቀም የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እኔ ጋ ሁልጊዜ ግራጫ ነበረች፣ አትነካም። ተጨማሪ ለተከፈለበት ብቻ የምትሠራ መስላኝ ትቻት ነበር። አሁን በርታለች። ምልክት አደረግሁባትና ለቀቅሁት። የ40 ደቂቃ ቪዲዮ እኔ ጋ ሁለት ሰዓት ገደማ ነበር የሚፈጀው፣ አስጀምሬው ምሳ በልቼ፣ አስር ሰው ፎቶ አንስቼ ነው የማገኘው። አሁን አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨረሰ። አላመንኩም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁት፣ ደህና ነው።

ሐጂ በማግሥቱ ወሰዱ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፣ ማታ ተቀምጬ ስለ ካርዱ ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጂቲ 730 የአንድ ካርድ ስም አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በዚያው ስም የተለያዩ ቺፖች ተሸጠዋል። አንደኛው ኬፕለር የሚባለው ነው፣ 384 ኮር አለው፣ 64 ቢት ነው። ሌላው ፈርሚ የሚባለው የ2010 ቴክኖሎጂ ነው፣ 96 ኮር፣ 128 ቢት። አዎ፣ 128ቱ አሮጌው ነው። ያ ጭማሪ ብር የከፈልኩበት ቁጥር የካርዴ የዕድሜ ማስረጃ ኖሯል! ሻጩ ዋሸኝ አልልም፣ 128 ቢት ነው አለኝ፣ ነውም። ምናልባት እሱም የሚያውቀው ያንኑ ነው።

የኤንቪዲያ አዳዲስ ድራይቨሮች ፈርሚን ትተውታል። ለፈርሚ መደበኛ ድጋፍ የቆመው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፣ የደኅንነት ማስተካከያውም በጃንዋሪ 2019 አበቃ። ስለዚህ ገጹ ላይ "ጂቲ 730" ብሎ ስም መምረጥ ዋጋ የለውም፣ ስሙን ሰምቶ የሰጠኝ የኬፕለሩን ድራይቨር ነው። ተስማሚ ሃርድዌር የለም ሲለኝ እውነቱን ነበር።

የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ካርዱን መንቀል አያስፈልግም። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር ብሎም ቢሆን ላዩ ላይ ሁለቴ ተጫኑ፣ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር አይዲ። 10ዲኢ የሚለው ኤንቪዲያ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የቺፑ መለያ ነው። የእኔ 0ኤፍ02 ነበር፣ ያ ፈርሚ ነው። 1287 ካላችሁ ኬፕለር ነው፣ እፎይ በሉ። ጂፒዩ-ዚ የምትባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራምም አለች፣ የቺፑን ስም ግልጽ አድርጋ ታወጣለች። ካርድ ልትገዙ ስትሄዱ በፍላሽ ይዛችኋት ሂዱ። ስሙ ተቀይሮ አዲስ እንዲመስል የተደረገ አሮጌ ካርድ ሲገጥማት አብዛኛውን ጊዜ ሐሰተኛ ነው ብላ ትናገራለች። ሻጩ ቅር ካለው ይበለው።

ካርዱን መልሼ ሰካሁትና 391.35 የሚለውን ድራይቨር ፈልጌ ጫንኩ። የማርች 2018 ነው፣ ለዊንዶውስ 10 የተሠራ፣ ዊንዶውስ 11 ላይም እኔ ጋ ያለ ጭቅጭቅ ገባ። ሁለቱም ሞኒተሮች ሠሩ። በቃ፣ ችግሩ ተፈታ። እናንተ በነበረው ዊንዶውስ ላይ አሻሽላችሁ ከሆነና የድሮው ድራይቨር ርዝራዥ ካስቸገራችሁ፣ ሴፍ ሞድ ገብታችሁ ዲዲዩ በሚባለው ማጽጃ ጠርጋችሁ ነው እንደዚህ የምትጭኑት። ለእኔ ፎርማት ስለተደረገ አላስፈለገኝም።

ደስ ብሎኝ ኤዲየስን ከፈትኩ። ሳጥኗ ተመልሳ ግራጫ ሆናለች።

ለካ ይህ ካርድ ሲሰካ ማዘርቦርዴ የኢንቴሉን ግራፊክስ ያጠፋዋል። ያቺ ሳጥን የምትበራው ኩዊክ ሲንክ በሚባለው የኢንቴሉ ቪዲዮ ማጨመቂያ ነው፣ ፈርሚ ደግሞ ቪዲዮ ኢንኮድ የሚያደርግ ክፍል በውስጡ ጨርሶ የለውም። ማለት፣ አራት ዓመት ሙሉ ፍጥነት ይጨምርልኛል ብዬ የሰካሁት ነገር እጄን አስሮኝ ነበር። ስንት ሌሊት ኤክስፖርት እየጠበቅሁ በጦሳ ተራራ ብርድ ሱቅ ውስጥ ተኮራምቼ አድሬያለሁ! ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ሁለቱንም አብሮ የሚያሠራ ምርጫ አለ፣ ሞከርኩት፣ ይሠራል። ግን ለጌም ካልሆነ ካርዱ ምን ሊሠራልኝ? 49 ዋት ይበላል፣ ድራይቨሩ ከ2019 ወዲህ ማስተካከያ የለውም፣ እኔ ደግሞ ወደ 11 የሄድኩት ለደኅንነት ብዬ ነበር። ነቀልኩት። ዩፒኤሱም መብራት ሲሄድ አሁን ትንሽ ይበልጥ ይታገሣል።

ያ ላጲስ የያዘው ጎረቤቴ ታሪኩን ስነግረው ደንበኞቹን ካርድ ሳይሆን መጀመሪያ ሃርድዌር አይዲ መጠየቅ ጀምሯል። ላጲሱን ግን አልተወም።

ካርዱን ለመሸጥ ለሰው ነግሬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ አንድ ልጅ ደወለ።

"ጂቲ 730 አለህ አሉኝ።"

"አለኝ። ለምን ልታደርገው ነው?"

"ለኤዲቲንግ። ስንት ቢት ነው?"

"128።"

"አሪፍ! ልምጣ?"

"ቆይ፣ ማዘርቦርድህ ላይ ኤችዲኤምአይ አለ?" አልኩት።

ዝም አለ። ወንበር ሲጎተት፣ ከዚያ ኬብል ሲነቀል ሰማሁ።