የ«ሪፊፊ» ፓሪስ

ፓሪስ የገባሁት የካቲት ላይ ነው። ሰማዩ አመድ መስሏል። ያስተናገደችኝ ጓደኛዬ «ምነው በዚህ ብርድ? አበባ ሲያብብ ብትመጣ ኖሮ!» እያለች አዘነችልኝ። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ፓሪስን የማውቃት ከአንድ ፊልም ነው፤ እዚያ ፊልም ውስጥ ፀሐይ የለችም።

ፊልሙ «ሪፊፊ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣ የፈረንሳይ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አራት ሰዎች ተማክረው ጌጣጌጥ ቤት ይዘርፋሉ። ዳይሬክተሩ ዡል ዳሲን ከተማውን ሲቀርጽ ፀሐይ ከወጣች ሥራ ያቆም ነበር። ደመና ይጠብቃል።

ከኦፔራ ሜትሮ ጣቢያ ወጥቼ ሩ ደ ላ ፔን ይዤ ሄድኩ። አጭር መንገድ ነው፤ ከኦፔራው ሕንጻ ተነስቶ ናፖሊዮን ዓምድ ላይ የቆመበት ፕላስ ቫንዶም አደባባይ ያደርሳል። ግራ ቀኙ ጌጣጌጥ ቤት ነው። የፊልሙ ሌቦች የመረጡት ሱቅም እዚሁ መንገድ ላይ ነበር። እኔ የመስኮቱን አልማዝ ትቼ ወደ ላይኛው ፎቅ አንጋጠጥኩ። ምክንያቱም የሚገቡት በላይ በኩል ነው።

ማታ ጓደኛዬን ይዤ ካርቲዬ ላታን ወዳለ ትንሽ ሲኒማ ቤት ሄድን። ያ ሰፈር የድሮ ፊልም በትልቅ ስክሪን ማየት ለሚወድ ሰው ገነት ነው። ዘረፋው ሲጀመር አዳራሹ ጭጭ አለ። ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድም ቃል የለም፤ ሙዚቃም የለም። ወለሉን በመሮ ይቆፍራሉ። ትንሽ ቀዳዳ ሲያገኙ የታጠፈ ጃንጥላ ያወርዱና እታች ይዘረጉታል። የሚረግፈው ልስን ሁሉ ጃንጥላው ውስጥ ይጠራቀማል። ሱቁ ወለል ላይ ጠብ የሚል ነገር የለም። አላርሙ ንዝረት ስለሚሰማ በእሳት ማጥፊያ አረፋ ያፍኑታል። ከዘራፊዎቹ አንዱ ሳሉን አፍኖ ሲይዝ፣ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌም ትንፋሻቸውን ዋጥ አደረጉ። ካዝናው በመሰርሰሪያ ሲነካ የወጣው ጩኸት ጥርሴን አንቀጠቀጠው።

አቀናባሪው ዦርዥ ኦሪክ ለዚህ ትዕይንት ሙዚቃ ካልጻፍኩ ብሎ ነበር፤ ጻፈም። ዳሲን አንዴ ከነሙዚቃው፣ አንዴ ያለ ሙዚቃው አሳየው። ኦሪክ ራሱ «ያለ ሙዚቃው ይሁን» አለ። የገዛ ሥራውን እንዲህ አውጥቶ የሚጥል ሰው በጣም ነው የማከብረው። የኦጉስት ለ ብረቶን ልብ ወለድ በጥቂት ገጽ ያለፈውን ዘረፋ የፊልሙ ልብ ያደረገውም ዳሲን ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣ የዘረፋ ፊልም ሁሉ ዕዳ አለበት። መጀመሪያ «ሪፊፊ»ን ሊሠራ ታስቦ የነበረው ዣን ፒየር ሜልቪል፣ በ1970 «ለ ሴርክል ሩዥ» በተባለው ፊልሙ ቃል የማይወጣበት ረጅም ዘረፋ ሠራ፤ ቦታው ቀን ያየሁት ፕላስ ቫንዶም ነው! ጣሊያኖች በ1958 ወደ ኮሜዲ ለወጡት። ዳሲን ራሱ በ1964 «ቶፕካፒ» ላይ ሌባውን ከጣሪያ በገመድ አወረደው። ቶም ክሩዝ በ1996 «ሚሽን ኢምፖሲብል» ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ላቡን በእጁ ሲቀልብ ያየ ሰው የዚህን የልጅ ልጅ አይቷል።

እኔን ግን ሁሌ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ቦታ ነው። ካዝና ከፋቹ ሴዛር ለአንዲት ሴት በሰጣት ቀለበት ምክንያት ይያዝና የጓደኛውን ስም ያወጣል። መሪያቸው ቶኒ ታስሮ ያገኘዋል። ይወደዋል፤ ግን ሕጋቸውን ሁለቱም ያውቃሉ። ሴዛር አይለማመጥም። ቶኒ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ ይተኩስበታል።

ስንወጣ ጓደኛዬ «ያ ሴዛር የሆነው ማነው?» አለችኝ።

«ዳሲን ራሱ ነው።»

ደረጃው ላይ ቆመች። ነገርኳት። ስሙን ሰምተው ፈረንሳዊ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ሰውየው ግን አሜሪካዊ ነው። በ1951 ኤድዋርድ ዲሚትሪክ የተባለ የሙያ ባልደረባው ኮሚኒስቶችን በሚያድነው የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ «ኮሚኒስት ነው» ብሎ ስሙን ሰጠ። ሆሊዉድ በሩን ዘጋበት፤ ዳሲን ሥራ አጥቶ ዓመታት ተንከራተተ። «ሪፊፊ» ከዚያ ሁሉ በኋላ ያገኘው ሥራ ነው፤ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይም የዳይሬክተርነት ሽልማት አመጣለት። ጓደኞቹን አሳልፎ የሚሰጠውን ሰው ሆኖ የተጫወተው ግን እሱው ነው።

«ተዋናዮቹን ሲዘረዝሩ እኮ ስሙን አላየሁም» አለች።

በሌላ ስም ነው የገባው። ፔርሎ ቪታ ብሎ።