ትል የሌለው ኮክ

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ፎቶ ላከልኝ። ዋሽንግተን ግዛት ቼሪ ለቀማ ሄዶ ነው። ባልዲ ሙሉ ቀይ ፍሬ ታቅፎ ይስቃል። ከሥሩ «የአያታችን ኮክ ታናሽ ወንድም» ብሎ ጽፎበታል።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ለካ እውነቱን ነው። ቼሪ፣ ኮክና ፕሪም የአንድ ወገን ዛፎች ናቸው። የደጋው ጫካ ጥቁር እንጨት እንኳ ዘመዳቸው ነው።

መንገደኛ ደብረ ሲናን የሚያውቃት በቆሎዋ ነው፤ የሚጠበሰውን በቆሎ አይደለም፣ ቆሎዋን ማለቴ ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲጨርስ፣ መኪናው ሳይቆም ሴቶቹ መስኮቱ ላይ ናቸው። እኔ ግን አገሬ ሲባል የሚታየኝ ከአያቴ ጓሮ ያለው ኮክ ነው።

ማንም አልተከለውም። አንዱ በልቶ የወረወረው ፍሬ ከአመዱ ቁልል አጠገብ በቀለ። ጥር ላይ ቅጠል ሳያወጣ ሮዝ አበባ ይለብሳል። ክረምቱ ሲገባ ይደርሳል። እኛ በሸሚዛችን ቋጥረን ስንሮጥ ፀጉሩ አንገታችንን ያሳክከን ነበር። አያቴ መጀመሪያ ለጎረቤት በሰፌድ ታደርሳለች፣ ከዚያ ነው የእኛ ተራ። ግማሹ ትል አለበት። ስናማርር «ትል የሚያውቀው ጣፋጩን ነው፣ ዝም ብላችሁ ብሉ!» ትለናለች።

አንድ ዓመት እናቴ ቅርጫት ሙሉ ይዛ ደብረ ብርሃን ልትሸጥ ወጣች። ዳገቱን ሳትጨርስ ግማሹ ፈርጦ ጭማቂው ቀሚሷ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሁለተኛ አልሞከረችም። ከተማችን በቆሎ የታወቀችው ለዚህ ይመስለኛል። ቆሎ መኪና ይጠብቃል፤ ኮክ አይጠብቅም።

አሁን አጎቴ ፖም ተክሏል። ቅጠሉን በእጁ እየመለመለ ያራግፈዋል፣ እንዲያብብ። ቼሪስ ይሆነናል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም አልኩት። ብዙዎቹ የቼሪ ዓይነቶች ለማበብ 1,000 ሰዓት ያህል ብርድ ይፈልጋሉ። የእኛ ብርድ ደግሞ የሌሊት ነው፤ ውርጩ ጤፍ ላይ ነጥቶ ቢያድር ረፋዱ ላይ ፀሐይ ታባርረዋለች። አጎቴ ቅር አለው።

ለአክስቴ ልጅ «ቼሪው ትል አለው?» ብዬ ጻፍኩለት።

«አንድም የለውም» አለ።

«ታዲያ ምኑን በላኸው?»