የመቀመጫዬ ስፋት 118 ሚሊ ሜትር ነው

ሰው ስለ ሳይክል ሲያወራ ስለ እግር ነው የሚያወራው። ስለ ሳንባ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ካርቦን ፍሬም። ኮርቻው ላይ ስለሚያርፈው አካል ግን ማንም ትንፍሽ አይልም። ነውር ነው መሰለኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ የካርቶኑን ታሪክ ስለሰማ፣ እኔ የሚቀረኝ ይሉኝታ የለም። በግልጽ ልናገር።

ለአይረንማን ተመዝግቤያለሁ። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ኬምብሪጅ የሚካሄደው። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ ከዚያ ደግሞ ሙሉ ማራቶን፤ ሦስቱን አንድ ላይ ትራያትሎን ይሉታል። ሁሉም በአንድ ቀን። እ.ኤ.አ. በ1978 ሃዋይ ላይ ሲጀመር 15 ሰው ተነስቶ የጨረሰው 12 ነበር። የቀሩትን ሦስቱን ምን እንዳስቀራቸው አላውቅም። ኮርቻውን ግን እጠረጥራለሁ።

የኬምብሪጁ መንገድ ሜዳ ነው። ብላክዋተር የሚባለውን ረግረግና የወፍ መናኸሪያ እያቋረጠ ይዘረጋል፤ ዳገት የሚባል ነገር የለውም። ይህን የሰማ ሁሉ «ታድለሃል!» አለኝ። ዳገት ለመቀመጫ ትልቅ ውለታ እንደሚውል የነገረኝ የለም። ዳገት ላይ ሰው ከኮርቻው ብድግ ይላል፣ ቆሞ ይነዳል፣ ደሙ ይዘዋወራል። ሜዳ ላይ ግን ክርንህን ኤሮባሩ ላይ፣ ማለትም ከመሪው ፊት የተዘረጋው የክርን ማሳረፊያ ላይ፣ ታስደግፋለህ፣ ትደፋለህ፣ እንደተደፋህ ስድስት ሰዓት ታልፋለህ። ነፋሱ ደግሞ ቀና እንዳትል ፊት ለፊት ይጠብቅሃል።

ልምምድ የምሠራው ዲሲ፣ ወንዙ ዳር ያለው ሄንስ ፖይንት ነው። እሱም ሜዳ። ስዞር ስዞር ደነዘዘ። ምኑ? ያው እሱ። ከሳይክሉ ወርጄ አጥሩን ተደግፌ ፖቶማክን አየሁ። ሲያዩኝ በወንዙ ውበት የተመሰጥኩ እመስላለሁ። እኔ ግን ስለቴን እየቆጠርኩ ነበር።

አንድ ወዳጄ ጄል ያለበት የኮርቻ ልብስ ሰጠኝ። ሱቅ ውስጥ በጣት ሲጫኑት በጣም ያባብላል። ሃያ ደቂቃ ከተነዳ በኋላ ግን አጥንትህ ጄሉ ውስጥ ይሰምጥና መሃሉ ወደ ላይ ይገፋል። አጥንት ሊሸከመው የሚገባውን ክብደት ሥጋና ነርቭ ይረከባሉ። ለስላሳ ኮርቻ የሚመክር ሰው ካጋጠማችሁ፣ የሚነዳው እስከ ዳቦ ቤት ነው።

ስለዚህ ወደ ባለሙያ ሄድኩ። የሳይክል ሱቁን ስም አልጠራም። ሻጯ ወጣት ፈረንጅ ናት፣ ቁም ነገረኛ። «የምትቀመጥባቸው አጥንቶች በመካከላቸው ስንት ሚሊ ሜትር አላቸው?» አለችኝ። ቁመቴን አውቃለሁ። የደም ዓይነቴን አውቃለሁ። የግሪን ካርድ ቃለ መጠይቅ ላይ እንኳን ይህን የጠየቀኝ የለም።

የሚለካበት የጄል ሰሌዳ ነበራቸው፤ አንዱ ተውሶ አልመለሰውም አሉ። ልጅቷ ከሳይክል ማሸጊያ ላይ ካርቶን ቆረጠችና በሩ አጠገብ ያለው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ አነጠፈችልኝ። «ተቀመጥ። ተረከዝህን አንሳ። ክርንህን ጉልበትህ ላይ አድርግ። አንገትህን ደፋ። አትነቃነቅ፣ ማስመሪያ ላምጣ።»

አሁን ይህን በውጭ ዓይን እዩልኝ። አንድ ጎልማሳ ሐበሻ፣ በር ላይ፣ ካርቶን አንጥፎ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

በሩ ተከፈተ። የጽዋ ማኅበራችን እናት ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ሳይክል ጎማ ሊያስነፉ መጥተው ነው። መጀመሪያ ካርቶኑን አዩ። ከዚያ እኔን።

«ውይ፣ ልጄ! ምን ሆንክብኝ?»

«ደህና ነኝ እማማ። እየተለካሁ ነው።»

«ምኑን?»

እስቲ ማነው ይህን ለማኅበር እናት የሚመልስ? ዝም አልኩ። ዝምታዬን በራሳቸው ተረጎሙት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ጎንበስ ብለው «ኪራዩ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ። ብድግ ብዬ እንዳላስረዳቸው አትነቃነቅ ተብያለሁ፤ ከተነሳሁ ካርቶኑ ይበላሻል። እንደተደፋሁ ራሴን ነቀነቅኩ። ባሰ። ቦርሳቸውን ከፍተው የታጠፈች ሃያ ዶላር መዳፌ ውስጥ አስጨበጡኝ። «እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ ለማንም አልናገርም» አሉ።

በዚህ መሃል ልጅቷ ተመለሰች። አስነሳችኝ። ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች በደንብ ይታያሉ። በማርከር ከበበቻቸው፣ ለካች፣ ከዚያ ሱቁ በሙሉ እንዲሰማ አድርጋ «118!» አለች። እዚያው ካርቶኑ ላይ በትልቁ ጽፋ ከስሜ ጋር ሰጠችኝ።

እማማ እንግሊዝኛቸው ለቁጥር ይበቃል። ፊታቸው በራ። የልጅቷን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ የሰው አገር ሰው ነው ባለውለታሽ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ተራ ቁጥር ሰጠችህ አይደል? 118 ሩቅ አይደለም ልጄ። ይደርስሃል። የእኛ ጎረቤት በአራት መቶ ምናምን ነው ቤት ያገኘችው።»

እኔ የቁም ሐዘን ላይ ነኝ። የልጅ ልጃቸው፣ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ካርቶኑን ትክ ብሎ ያያል። ገብቶታል። ልጁ እንደገባው ከዓይኑ አይቻለሁ። አልተናገረም፤ ተደሰተ እንጂ።

ሲወጡ ልጅቷ «የምትነዳው መደበኛ መንገድ ነው ወይስ ትራያትሎን?» ብላ ጠየቀችኝ። አሁን! ካርቶኑ ካለቀ በኋላ! ትራያትሎን ነው አልኳት። «አይ፣ እንግዲያው ይሄ ቁጥር ብዙም አይጠቅምህም» አለች፣ እንደ ቀልድ።

ምክንያቱም ኤሮባር ላይ የተደፋ ሰው ዳሌው ወደ ፊት ይዞራል። ክብደቱ ከእነዚያ ከኋለኞቹ አጥንቶች ተነስቶ ወደ ፊተኞቹ፣ ወደ ብልት አጥንት ይሄዳል። እኔ የተለካሁበት ቦታ በውድድሩ ቀን ከኮርቻው ጋር ሰላምታም ላይለዋወጥ ይችላል። የሚያስፈልገው አፍንጫው የተሰነጠቀ አጭር ኮርቻ ነው፤ አይኤስኤም የሚባለው ኮርቻ አምራች የሚሠራው ዓይነት። ሳየው የምስማር መንቀያ መዶሻ ጀርባ መሰለኝ። መሃሉ የለም። አፍንጫው የለም። ዋጋው ግን ከ200 ዶላር በላይ ነው። ሙሉ የሆነው ኮርቻ በ40 ዶላር ተሰቅሏል። እኔ ለጎደለው ነው የምከፍለው።

ደግነቱ እያዋሱ ያስሞክራሉ። ጫፉን በጣም ትንሽ ዝቅ ሲያደርጉት መደንዘዙ ቀረ፣ እሱን አልክድም። ግን ፊቱ ሰፊ ስለሆነ የውስጥ ጭኔን ላጠው። ለእሱ ደግሞ ቅባት አለ። ቅባቱን ተቀብቶ፣ ያለ ፓንት፣ ቁምጣው ብቻ ነው የሚለበሰው፤ የፓንት ስፌት ይልጣል ይላሉ። የውድድሩ ልብስ ስፖንጅ ደግሞ ስስ ነው፤ ይዋኙበታል፣ ይሮጡበታል። ይህን ሁሉ ዕውቀት ምን ላይ እንደማውለው እንጃ። ሠርግ ቤት አይወራ።

እማማ ለማንም አልነገሩም። ለማንም አለመናገራቸውን ለሁሉም ነገሩ። 495 ላይ ትራፊክ ይዞኝ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ እናቴ ከአዲስ አበባ። «ካርቶን ላይ ነህ አሉ። አንተ ልጅ፣ ለምን ደበቅከኝ?» እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዱ ጎተት አድርጎኝ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እንዳለ ነገረኝ። ሌላው ኡበር ጀምር አለኝ። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ደግሞ ግራ ቀኝ ተገላምጦ «118 ደረሰ?» አለ። ሥራ አለኝ። ኪራይ ከፍያለሁ። ማስረዳት ስጀምር ግን ሁሉም «አይዞህ፣ ይገባናል» ብለው ትከሻዬን ቸብ ያደርጋሉ። ቸብ የተደረገ ሰው ቀጥሎ ምን ብሎ ያስረዳል?

ካነሳሁ አይቀር አንድ ሌላ የሚያበግነኝ ነገር ላንሳ። አብረውኝ የሚለማመዱት ፈረንጆች ስለ ሩጫው ሲነሳ «አንተ ምን አለብህ!» ይሉኛል። ኢትዮጵያዊ ነሃ! ኃይሌና ቀነኒሳ ለእኔም ጭምር ሮጠው አልጨረሱም እንዴ? እኔ ያደግኩት ጉለሌ ነው። ትምህርት ቤት የምመላለሰው በአንበሳ አውቶቡስ ነበር፤ አንዴም ሮጬ ደርሼበት አላውቅም። አገሬ እኮ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ብስክሌተኞችም አሰልፋ ነበር። ታዲያ ስለ ሳይክሉ «አንተ ምን አለብህ» የሚለኝ አንድ ሰው እንዴት ይጠፋል?

በኋላ የልጅ ልጅየው ለአያቱ እውነቱን ነገራቸው። እንዴት አድርጎ እንዳስረዳቸው ማሰብ አልፈልግም። እማማ ሃያ ዶላሯን አልቀበልም አሉ። ይልቅ በሚቀጥለው ጽዋ በትልቅ ፌስታል አጎዛ ይዘው መጡ። የመንዝ በግ፣ ጠጉሩ ጣት የሚውጥ። «ቆርቁሮህ ከሆነ ቀድመህ አትነግረኝም? ይህን አንጥፍበት» አሉኝ፣ በሰው ፊት። ለስላሳ ነገር እንደማይሆን፣ አጥንት እንደሚሰምጥ፣ ስለ ነርቩ… የቱን ላስረዳ? ጉልበት ስሜ ተቀበልኩ።

ባለፈው የቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ አገኙኝ። ከሩቅ ሲያዩኝ ቆይተዋል።

«አጎዛውን አነጠፍክበት?»

«አዎ እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ታዲያ ምነው እግርህን ከፈት አድርገህ ትሄዳለህ?»

«ሩጫው ነው እማማ።»

«ሂድ ወዲያ! ሐበሻን ደግሞ ሩጫ ምን ያደርገዋል!»