የሽማግሌዎቹ ወረቀት

ሰውየው ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ቢሮ ሄዶ «ሚስቴን ፈትቻለሁ፣ ሌላ ላገባ ነው» ቢል የፍቺ ውሳኔ አምጣ ተባለ። ከኪሱ ያወጣው ከደብተር የተቀደደ ግማሽ ገጽ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ባልና ሚስት አይደሉም። ንብረቱን እኩል ይካፈሉ። ልጆቹን እናት ታሳድግ፣ አባትም እንደ አቅሙ ይርዳ» ይላል። ከግርጌው የሦስት ሽማግሌዎች ፊርማና የባልና ሚስቱ የጣት አሻራ አለ፤ ቀን ግን የለውም። ከጣርማበር በላይ፣ ደጋው ላይ የተጻፈ ነው።

ባልና ሚስቱ ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ከወረዳው ፍርድ ቤት በር ላይ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ወደሚጽፍ ራፖር ጸሐፊ መጡ። ጸሐፊው አንብቦ «አባባ፣ እርስዎ ማስታረቅም ማስማማትም ይችላሉ፤ ማፋታት ግን የፍርድ ቤት ነው» አለ። ትልቁ ሽማግሌ ተቆጡ። «የኔ ልጅ፣ እኛ ስናፋታ አንተ መቼ ተወለድክና!»

አልተሳሳቱም፤ ጊዜው ነው ያለፈባቸው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ሰጥቶ ነበር። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልሉ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ሲወጡ የፍቺው ውሳኔ ወደ ፍርድ ቤት ተሻገረ። ሰውየው በዚያ ወረቀት ተማምኖ ቢደግስ ኖሮ በጋብቻ ላይ ጋብቻ ብሎ ዐቃቤ ሕግ ሊጠራው ይችል ነበር።

የሽማግሌዎቹ ድካም ግን ከንቱ አልነበረም። ሁለቱ ተስማምተው ከሆነ የፍቺውንና የውጤቱን ስምምነት በጽሑፍ አድርገው ለፍርድ ቤት ያቀርባሉ፤ ለምን እንደተፋቱ የመዘርዘር ግዴታ የለባቸውም። ዳኛው የሁለቱም ፈቃድ መሆኑን አነጋግሮ ያረጋግጣል፣ የልጆቹን ጥቅም ይመረምራል፣ ከዚያ ያጸድቃል። ስለዚህ የቀረው ግማሿን ገጽ ሊፈጸም ወደሚችል ውል መለወጥ ነው። እዚህ ላይ ግማሽ ቀን ፈጀ።

መጀመሪያ የታረመው «እንደ አቅሙ» ነው። ነገ አባት ባይሰጥ እናት ፍርድ ቤቱ እንዲያስከፍልላት የአፈጻጸም መዝገብ ትከፍታለች፤ የአፈጻጸም ዳኛ ግን «አቅም» የሚባል ገንዘብ ማስከፈል አይችልም። የብሩ መጠን፣ በየወሩ በስንት ቀን፣ በእጅ ወይስ በቴሌብር፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ስንት የሚለው ተጻፈ። የትምህርት ቤት ወጪ ለብቻው ገባ፣ አባትም ልጆቹን የሚያይባቸው ቀናት ተለዩ።

«እኩል ይካፈሉ» ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። የመሬት ደብተሩ በሁለቱ ስም ነው፤ ማሳዎቹ በደብተሩ ቁጥርና በአራቱ አዋሳኝ አንድ በአንድ ተዘረዘሩ። ትንሿ ማሳ ብትቆረጥ ለሁለቱም ስለማትረባ ለእሷ ሆነች፤ ለእሱ በምትኩ ባህር ዛፍ ተሰጠው። ጠቡ ሊነሳ የነበረው እዚህ ነው። ባህር ዛፍ ተቆርጦ አያልቅም፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። «ዛፉ ለባል» ብሎ መጻፍ የአንድ ቁርጥ ነው ወይስ የዘላለም? መሬቱስ የማን ነው? ሽማግሌዎቹ ከተከራከሩ በኋላ ያለው ዛፍ አንድ ጊዜ ተቆርጦ ለእሱ፣ ጉቶውና መሬቱ ለእሷ እንዲሆን ተስማሙ፤ መቁረጫው ቀንም ገደብ ተሰጠው። ያልታጨደው ገብስ፣ ሌላ ሰው ጋ ለእርባታ የተቀመጡት በጎች፣ በሁለቱ ስም የተወሰደው ብድርም ተጠየቁ። ብድሩን ሁለቱም ረስተውት ነበር፤ ወይም የረሱ መስለው ነበር። አበዳሪው የእነሱ ክፍፍል ስለማይገደው፣ ማን እንደሚከፍልና ካልከፈለ ሌላው ከምን እንደሚያስመልስ ተጻፈ።

ጸሐፊው ከሁሉ በፊት ግን ሴትየዋን ለብቻዋ ጠርቶ «እትዬ፣ ተመትተሽ ወይም ተገደሽ ነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር። አይደለም አለች። ነው ብትል ኖሮ ጉዳዩ የሽማግሌ ጠረጴዛ አልነበረም፤ ድብደባ ወንጀል ነው፣ በፍርሃት የተፈረመ ስምምነትም ፈቃድ አይደለም።

ውሉ በሦስት ቅጂ ሆኖ ለእያንዳንዳቸው አንድ፣ ለፍርድ ቤቱ አንድ ተዘጋጀ። ሽማግሌዎቹ እንደ ምስክር ፈረሙ፤ «ፈርደናል» የሚለው ወጥቶ «አስማምተናል» ተባለ። ትልቁ ሽማግሌ ይህን ቃል ሁለቴ አስነብበው፣ ቀኑ ከላይ መጻፉን አይተው፣ አሻራ የሚያስነሱበትን ቀለም ራሳቸው ወደ ሰውየው አቀረቡለት።